ካሚዮኗን ባልጠገንኳት ኖሮ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሚስቴ ጋር አርባ ዓመት ስንኖር ለእሷም አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ የሰከርኩበትን፣ ሰው የተሳደብኩበትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ሁሉ ስዘከዝክ ይቺን ግን እየዘለልኩ አልፋታለሁ። እሳቸው «ሌላስ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ። አንዲት ካሚዮን ጠግኛለሁ፤ ኃጢአቴ ይኸው ነው። አሁን መሳቅ ትችላላችሁ፤ ሰምታችሁ ስትጨርሱ ግን የምትስቁ አይመስለኝም።

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት ሸሕዲ ላይ መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን ጎንደር ላይ ከእነሱው ተምሬ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዱቄትና ሲሚንቶ የምታመላልስ አንዲት ትልቅ የናፍጣ ካሚዮን በእጄ ተሰጥታኝ ነበር። የሚያዘኝ ጣሊያናዊ ነው፤ ካፖ እንለዋለን። ክፉ ሰው ነበር ብዬ ነገሩን ለራሴ ላቅልለው አልፈልግም። ሥራው እንዲሠራለት የሚሻ፣ አርበኛ ከጫካ ወጥቶ ይገድለኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ነበር። ኮኪት አካባቢ መኪና ከተቃጠለበት ወዲህ የተበላሸ ዕቃ ባየ ቁጥር «ሳቦታጆ!» እያለ ይጮኻል፤ ሆን ብላችሁ ነው ያበላሻችሁት ማለቱ ነው።

የካሚዮኗ ዘበኛ አያ ውብነህ ነበሩ። ከደጋ ወርደው ሽንፋ ወንዝ ዳር ማሽላና ሰሊጥ ሲዘሩ ኖረው፣ ወባ ልጆቻቸውን ከጨረሰባቸው በኋላ ከሚስታቸው ከእማማ የሻረግ ጋር ሸሕዲ የገቡ ሽማግሌ ናቸው። እኔን «ልጄ» ነው የሚሉኝ። ያው ወባ እኔንም በጣለኝ ጊዜ አጥሚት እያጠጡ ከመኝታ ያነሡኝ ሁለቱ ናቸው። ይህን የምነግራችሁ በማን ላይ እንዳደረግሁት እንድታውቁ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ካሚዮኗ አመል አወጣች። ቆላ ነው ቢባልም በዚያ ወር ንጋቱ ይበርዳል። ቀን ሞተሯ እንደሞቀ ከሆነ ማኖቬላውን፣ ያን በእጅ የሚዞረውን የማስነሻ ብረት፣ አንዴ ስታዞርላት ታጓራለች። ቆማ ያደረች እንደሆነ ግን ነጭ ጢስ ትተፋለች፣ ታስላለች፣ ጸጥ ትላለች። መጀመሪያ ብርዱ ነው ብዬ ሞተሩ ላይ ትኩስ ውሃ አፈሰስኩ፤ አልሆነም። ማጣሪያውን ፈትቼ አጠብኩ፤ አልሆነም። በኋላ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን ላላ ባደርጋት ናፍጣው አረፋ እየደፈቀ ወጣ። ያኔ ገባኝ፤ አየር እየሳበች ነው። ቀን ለአፍታ ስትቆም ናፍጣው ከመስመሩ ለመሸሽ ጊዜ አያገኝም። ቆማ ስታድር ግን በሆነች ቀዳዳ አየር ይገባል፣ ናፍጣው ቀስ እያለ ወደ ማጠራቀሚያው ታንከር ይመለሳል፣ ጠዋት ፖምፓው የሚገፋው ባዶ አየር ይሆናል። ከታንከሩ ጀምሬ መስመሩን በጣቴ እየዳበስኩ ሄድኩ። አንዲት መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ የራሴ እጅ የገባባት መጋጠሚያ ናት።

ከወር በፊት ማጣሪያ ስቀይር የዚያችን መጋጠሚያ የመዳብ ሮንዴላ አሸዋ ላይ ጥያታለሁ። ሮንዴላ ቀለበት የምታህል ነገር ናት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ አየር እንዳይገባ ትደፍናለች። ፈልጌ አጣኋት። ጠፋብኝ ብዬ ካፖው ፊት ከመቆም ከጫማዬ ላይ ቆዳ ቆርጬ በቦታዋ ከተትኩ። ቆዳው ደረቀ፣ ተሸበሸበ። አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ ስለማያንጠባጥብ ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

ታዲያ ያኑ ዕለት ለምን አልቀየርኩትም? ግቢው ውስጥ ሞተሯ የተቃጠለ ሌላ ካሚዮን ቆማለች፤ ያችው ሮንዴላ አለቻት። አልቀየርኩትም፤ ምክንያቱም ጣመኝ። በየጠዋቱ ሁሉም ሲያቅተው እኔ ብቅ ብዬ፣ ብሎኗን ላላ አድርጌ፣ አየሩን አስወጥቼ ሳስነሣት ካፖው «ብራቮ!» ይላል፤ ሠራተኛው «እጁ መድኃኒት ነው» ይላል። እኔ፣ ራሴ ያሳመምኳትን ራሴ እያስነሣሁ፣ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አያ ውብነህ ግን በሽታዋን በሌላ መንገድ መርምረውት ነበር። «የሰው ዓይን በልቷታል ልጄ» አሉኝ። «ይቺን የምታህል ነገር ገበያ መሐል ለመሐል ስታልፍ እንዴት አትበላ!» እማማ የሻረግ ከቤተ ክርስቲያን ጸበል በቅል ቀድተው ያመጣሉ፤ አያ ውብነህ ጎህ ሲቀድ በስመ አብ ብለው አፍንጫዋን፣ ጎማዋን፣ የታንከሩን ክዳን ረጨት ረጨት ያደርጋሉ። እኔ መጥቼ ሳስነሣት «አየህ?» ይሉኛል። «ኧረ አያ፣ አንቱ ካሉማ እኔ ከሥራ መባረሬ ነው» እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት ወደ መተማ በጥድፊያ የሚሄድ ጭነት ነበርና ካፖው ከእኔ ቀድሞ መጣ። ማኖቬላው ቢዞር ቢዞር እምቢ አለች። ካፖው ወደ ኋላ ዞር ሲል አያ ውብነህ ቅላቸውን ይዘው ታንከሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ክዳኑ ረጥቧል። እኔ ስደርስ ሽማግሌው እጃቸውን የፊጥኝ ታስረው ተንበርክከው ነበር።

ካፖው ከታንከሩ ሥር በጠርሙስ አስቀዳኝ። ከናፍጣው በታች ጥቂት ውሃ ተጠራቀመ። በርሜል ውስጥ የከረመ ናፍጣ እንዲህ ያለ ውሃ አያጣም፤ ይህን አውቃለሁ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ጠየቀኝ።

«ናፍጣ ውስጥ ውሃ ከገባ ሞተር ይነሣል?»

«አይነሣም» አልኩ።

ሐሰት አልተናገርኩም። ማንም መካኒክ ቢጠየቅ ይህንኑ ይላል። ግን ካፖው የጠየቀኝ ስለ ሞተር ነበር? የጠየቀኝ ስለ ሰው ነበር፤ እኔም እያወቅሁ ስለ ሞተር መለስኩለት።

አያ ውብነህ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ ታውቃታለህ። ላይዋን ረጨሁ እንጂ ሆዷ ውስጥ ጠብታ አላፈሰስኩም። ጸበል መሆኑን ንገርልኝ።» ከመሐላችን ጣሊያንኛ የሚችል እኔ ብቻ ነኝ። ካፖው «ምን ይላል?» አለኝ። «አላደረግሁም ይላል» አልኩት። ስለ ጸበሉ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ካፖው ችኩል ሰው አልነበረም። የመተማውን ጭነት በሌላ መኪና ላከ፣ ሽማግሌውን ግቢው ውስጥ ካለው ግራር ግንድ ላይ አሳሰረ፣ ታንከሩን አሳጠበ፣ አዲስ ናፍጣ አስሞላ፣ ሌላ ዘበኛ መደበ። ከዚያ በጣሊያንኛ እንዲህ አለኝ፦ «ነገ ጠዋት እንደገና እምቢ ካለች ሽማግሌው ንጹሕ ነው፤ እፈታዋለሁ። ከተነሣች ግን ጎንደር ይሄዳል።» ጎንደር ማለት ጦር ፍርድ ቤት ማለት ነው፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየንም። ይህንንም ለአያ ውብነህ አልተረጎምኩላቸውም።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ምንም ባላደርግ ይድኑ ነበር። መናዘዝ አላስፈለገኝም፣ ጀግና መሆን አላስፈለገኝም፤ እጄን አጣጥፌ ጥላ ሥር መጋደም ብቻ ይበቃኝ ነበር። ቆዳው አየሩን ሲያስገባ ያድራል፣ ጠዋት ካሚዮኗ እምቢ ትላለች፣ አያ ውብነህ ቤታቸው ይገባሉ።

ከዚያስ? ከዚያማ ካፖው ምክንያቱን ይፈልጋል። መስመሩን ይፈታል፣ የጫማዬን ቆዳ ያገኛል፣ ግንዱ ላይ የምታሰረው እኔ እሆናለሁ። ይህን አሰብኩ። ብዙ አላሰብኩም፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ብዙ አለማሰቤ ነው።

በምሳ ሰዓት ፀሐይዋ ስትበረታ ጣሊያኖቹ ተኙ፤ ሠራተኛውም አዲሱ ዘበኛም ጥላ ፍለጋ ተበተኑ። ከተቃጠለችው ካሚዮን ላይ ሮንዴላዋን ፈታሁና ከእኔዋ ካሚዮን ሥር ገባሁ። አያ ውብነህ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ግራሩ ላይ ታስረዋል። ቆዳውን አወጣሁ፣ መዳቡን አስገባሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። ላብ አጥምቆኝ መስመሩ ውስጥ የቀረውን አየር አስወጣሁ።

«በርታ ልጄ!» አሉኝ ከግራሩ ሥር።

ካሚዮኗ ከዳነች እሳቸውም የሚፈቱ መስሏቸው ነበር። ድምፃቸውን ሰማሁ፤ ሰምቼም ብሎኑን አንድ ዙር ጨመርኩለት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያው ዙር ተነሣች። ጢስ የለ፣ ሳል የለ። አያ ውብነህ በታሰረ እጃቸው ማማተብ ቢያቅታቸው «እሰይ! ዳነች!» ብለው ሣቁ። ካፖው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እሳቸውን ካሚዮኗ ላይ አስጫናቸው። ወዴት እንደሚወስዷቸው የገባቸው ካሚዮኗ በጎንደር በኩል ስትታጠፍ ይሆናል፤ እንጃ፣ እኔ ያኔ ፊቴን አዙሬ ነበር። በጠገንኳት ካሚዮን ሄዱ፤ አልተመለሱም።

ፈርቼ ነው እንዳልል ጣሊያንም ወጣ፣ ካፖውም ሄደ። ያኔ ምን ያዘኝ? እማማ የሻረግ ባላቸውን የገደለው ያ የቀዱት ጸበል እንደሆነ አምነው ጸበል መቅረብ ተዉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውነታቸው ሲከሳ እያየሁ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ልነግራቸው ቆርጬ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ ማልቀስ ጀመሩ።

«ያቺን ቅል በእጄ ባልሰጠው ኖሮ! እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«ኧረ እማማ፣ የአንቱ ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው ልጄ?»

አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። «የጣሊያን ነው» አልኩ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ለደረሰበት ሁሉ ይህንኑ ይል ነበር፤ እኔም ከሕዝቡ መሐል ገብቼ ተደበቅሁ። እማማ የሻረግ ያን ጥፋት እንደተሸከሙ ሞቱ። ስለዚህ እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የምትለኝን ሴት ቀብሬአታለሁ። ልጅ ነበርኩ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ብላችሁም አታጽናኑኝ።

ልነግራቸው ሄጄ ሳልነግራቸው የወጣሁ ያን ቀን እማማ የሻረግ በር ድረስ ሸኙኝ። «እሱን ለማዳን በዚያ ፀሐይ ካሚዮን ሥር ገብተህ መዋልህን ሰው ነግሮኛል» አሉኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነውም መረቁኝ፦ «ለውብነህ ያደረግህለትን እግዚአብሔር ለልጆችህ ያድርግላቸው።»

ሦስት ልጆች አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አሜን አልኩ።