የቱርኩ ሹራብ

አክስቴ ለዕቃ የሚሰጡት ማዕረግ አላቸው። ከሁሉ በላይ የቱርክ፣ ቀጥሎ የቻይና፣ ከዚያ በታች የአገር ውስጥ፣ ከሁሉም መጨረሻ ደግሞ የእኔ እጅ። አየር ጤና ላይ ቴርሞስና ሰሃን ሲነግዱ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ ለደንበኛ ሁሉ "የቱርክ ነው" ሲሉ ኖረው ኖረው በመጨረሻ ራሳቸውም አመኑት።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። በእጅ የተሠራ ልብስ ሲያዩ ግን አፍንጫቸውን ይነፋሉ። ለእሳቸው የእጅ ሹራብ መግዣ ያጣ ሰው የሚለብሰው ነው። እኔ ደግሞ ከሹራብ ሽቦና ከኪሮሽ ሌላ የተካንኩበት ሙያ የለኝም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ "እጅሽ ይባረክ" እንዲሉኝ እፈልግ ነበር።

ስለዚህ አንድ ክረምት ከኮልፌ ገበያ ቡናማ ክር ገዝቼ ከፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሹራብ ጀመርኩላቸው። ገላውንና እጅጌውን በሁለት ሽቦ ሠራሁ፤ የሽቦ ሥራ ይለጠጣል፣ ያሞቃል። ጠርዙን፣ ኪሶቹንና ቁልፎቹ የሚያርፉበትን ግን በኪሮሽ አደረግሁ፤ ኪሮሽ የሱቅ መክፈቻ ተሸክሞም ቅርጹን አይለቅም። ሁለቱ እንዲህ በቀላሉ አይስማሙም። በየሽቦው ረድፍ አንድ አንድ የኪሮሽ ዓይን ባነሣ ጠርዙ ተጥመለመለ። ፈታሁት። ቀጥ የሚለው ለአራት ረድፍ ሦስት ዓይን ሲሆን ነው፤ ይህን እስካውቅ ሦስት ጊዜ ፈትቻለሁ።

ጨርሼ ሳየው አማረልኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ከአንድ ያረጀ ካፖርት አንገት ላይ የቱርክ ማርክ ፈትቼ ሹራቡ ላይ ሰፋሁት። መጀመሪያ ይልበሱት፣ ይውደዱት፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ብልጥ መሆኔ ነበር።

ወደዱታ! ለሱቅም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለለቅሶም የሚለብሱት እሱን ሆነ። ለዕድራቸው ሴቶች ጠርዙን እየገለጡ፣ የሰው እጅ እንዲህ አይሠራም፣ ማሽን ነው ይላሉ። ሴቶቹም አዎን እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንግዲህ ሹራብ የሚሠራ ማሽን ሞልቷል፤ ኪሮሽ የሚሠራ ማሽን ግን ቱርክም የላትም። ግማሾቹ ሴቶች ሶፋቸውን ሙሉ በገዛ እጃቸው ዳንቴል ያለበሱ ናቸው፤ በእጃቸው የሚያውቁትን ሥራ በዓይናቸው ማወቅ አቃታቸው። እኔም እነግራቸዋለሁ ያልኩትን ለነገ እያልኩ ጥጌን ይዤ ሽቦዬን ቀጠልኩ።

ባለፈው ክረምት የቀኝ ክርኑ ተበላ። አክስቴ በነጠላ ጠቅልለው አመጡልኝና፣ እንደ አንቺ ሥራ እንዳይመስልሽ፣ እንዳታበላሺው ብለው አስጠነቀቁኝ። ተርፎኝ ከነበረው ክር አውጥቼ ጠገንኩት። የተጠገነው ቦታ እኔኑ ጠፋኝ። ቁርጥ ራሱን የመሰለ የቱርክ ክር ኮልፌ ውስጥ ከየት እንደተገኘ አክስቴ አልጠየቁም። ማርኩን ግን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ መጥተው ለበሱት። ክርናቸውን ዳሰሱ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ እጃቸው ወደ ማጅራታቸው ሄደ።

"ማርኩስ?"

"ፈታሁት። ሹራቡን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አክስቴ። ከአንገቱ እስከ ኪሱ።"

አወለቁት። ገልብጠው ጠርዙን፣ ኪሱን፣ ክርኑን አዩ። ሽቦውና ኪሮሹ የተጋጠሙበትን በአውራ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

"ለዕድሩ ሰው ሁሉ የቱርክ ነው ብያለሁ" አሉ። "መልሰሽ ስፊው።"

ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡብኝ። በዚያች ሰዓት ያልናቅሁት ሰው አልነበረም፤ እሳቸውንም፣ ዕድርተኞቻቸውንም፣ ከሁሉ አብልጬ ግን ያንን ቁራጭ ጨርቅ መጀመሪያ እዚያ ሹራብ ላይ የሰፋችውን ሴት።

መርፌ አነሣሁ። እንዳይጣመም አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ። ስጨርስ ማርኩን በጥፍራቸው ሳብ ሳብ አድርገው ሞከሩት፤ ንቅንቅ አላለም።

"እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።