ማለዳ የሚንኳኳ በር

በእኛ አገር ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በማለዳ በር ካንኳኩ ጉዳያቸው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ልጅ ለመጠየቅ፣ ወይ መርዶ ለማርዳት። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎንደር ቤቴ ድረስ ሦስት ሆነው ሲመጡብኝ የቱ እንደሆነ መገመት ነበረብኝ። እኔ ግን ዓይኔን እያሸሁ ወጣሁና፣

«ምነው፣ ልጅ ልትጠይቁ ነው? ሴት ልጅ የለኝም፤ ካስፈለገ እኔን ዳሩኝ» አልኳቸው።

አንዳቸውም አልሳቁም። መሀል የቆሙት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት የጭነት መኪና ሹፌር፣ መሬት መሬት እያዩ እናቴ ደባርቅ ማረፏን ነገሩኝ።

ከለቅሶው በኋላ «ከእንግዲህ በሬን ያንኳኳ ሰው ፍርድ ቤት ነው የምገትረው» ብዬ ለሰፈሩ አወጅኩ። ግማሹ ቀልድ ነበር፤ ሰፈሩ ግን ሙሉውን አመነኝ። በማለዳ ቀርቶ በቀትርም የሚያንኳኳ ጠፋ። ድመት እንኳ በእኔ በር ላለማለፍ አዘዞን ዞራ የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ግን ይህን አዋጅ ያልሰማች አንዲት ሴት ከወለቃ መንደር የምትሸጠውን ሸክላ ተሸክማ መጥታ በማለዳ በሬን ደበደበችው። እኔ ቤት ውስጥ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። ልቤ የጎንደርን ፈረሶች በሙሉ ያስከነዳ ግልቢያ ጀመረች፤ አፌ ደረቀ፣ መዳፌ ራሰ። ሴትዮዋ ሰልችቷት ሄደች። እኔም ወደ ሐኪም ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ልብዎ ጤነኛ ነው» አለችኝ ወጣቷ ሐኪም። «ችግሩ ጭንቅላትዎ ነው።»

«ሚስቴም ይህንኑ ብላ ነው ጥላኝ የሄደችው።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቀጠለች። «በሩ ሲንኳኳ አንጎልዎ ‹አደጋ› ብሎ ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ በአከርካሪዎ ወርዶ፣ በነርቭ አድርጎ ኩላሊትዎ ላይ ከተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ይደርሳል። እነሱ አድሬናሊን ደምዎ ውስጥ ይለቃሉ። እርስዎን የሚያማክር የለም።»

በገዛ ገላዬ ውስጥም የሚያማክረኝ አልነበረም ማለት ነው።

«መድኃኒቱስ?»

«በሩ ደጋግሞ ይንኳኳ፤ መርዶ ግን አይኑር። አንጎልዎ ቀስ እያለ ይማራል።»

ማን ያንኳኳል? ሦስት ቀን አሰብኩ፤ የሚመጣልኝ ፊት አንድ ብቻ ሆነ። አራተኛው ቀን መርዶውን ከነገሩኝ ከሹፌሩ ጎረቤቴ ደጅ ቆምኩ።

«አያ፣ ነገ ማለዳ በሬን ያንኳኩልኝ።»

«ምን ሆነ ብዬ?»

«ምንም ሳይሆን።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ፍርድ ቤት ብትገትረኝስ?»

«ምስክር የለብዎትም። ማን ይመጣል ብለው ነው?»

በማግስቱ ለባብሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። ያስመጣኋቸው እኔው ነኝ፤ ማን እንደሚያንኳኳም አውቃለሁ። ሲያንኳኩ ግን ልቤ ያንኑ ግልቢያ ጀመረች። ስምምነታችንን ለኩላሊቴ የነገረው አልነበረም። እንደምንም ከፈትኩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቻቸውን ቆመዋል።

«ማንም አልሞተም» አሉ።

«ተመስገን።»

 እሳቸው አጥሬን አዩ፣ እኔ ጫማቸውን።

«ነገም ልምጣ?» አሉኝ በመጨረሻ።

ልቤ ገና አልረጋችም፤ ግን ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላቸው።