ከታች ቤት የተሠራው አልበም

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር ልጄ ቤት ምሳ እየበላን ሳለ ሬዲዮኑ አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀ። መብላቴን አቆምኩ። ዘፋኙን አውቀው እንደነበር ብነግራት ልጄ ሳቀች። “ማሚ፣ ሲሪየስሊ?” አለችኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ከአክስቴ ከራህማ ጋር እዚሁ ለንደን አርችዌይ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ከእኛ በታች ኮሊን የሚባል ሰው ነበር። ቀደም ሲል ኒው ዌቭ የሚሉትን ፈጣን ሙዚቃ ለሚጫወት ባንድ ግጥምና ዜማ ይደርስ ነበር፤ ፀጉሩን እንደ ጃርት አቁሞ ቴሌቪዥን ላይም ይታይ ነበር አሉ። ባንዱ ሲበተን ፀጉሩም ተኛ። እኛ ስናውቀው ቀኑን ሙሉ ፒያኖ እየነካካ ብቻውን አልበም ይሠራ ነበር።

ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ አክስቴ ያንኑ ዜማ መስማት ሰልችቷት ቀንስ በይው ብላ ላከችኝ። ብቻዬን ግን አልለቀቀችኝም። ተከትላኝ ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ኮሊን በሩን ሲከፍት ያረረ ዳቦ ሸተተኝ። ይቅርታ ጠየቀኝና ከእንግዲህ እንደማይረብሸን ነገረኝ። አሳታሚዎቹ የድሮውን ፈጣን ዘፈን ስለፈለጉ አልበሙን ሊተወው ወስኗል። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ አንዱን ልስማው አልኩት። በሩን ወለል አድርጎ ትቶ ፒያኖው ጋ ሄደ።

ዘፈኑ ስለ አንድ ብቸኛ ሰው ነበር። ሰውየው እሱን የናፈቀ ሰው ካለ ብሎ ከመንገድ ስልክ ወደ ገዛ ቤቱ ይደውላል። ስልኩ ተይዟል። ቤቴ ከማን ጋር ነው የሚያወራው ብሎ ይቀናል።

ለንደን ከገባሁ ጀምሮ ሰው ሲስቅ አይቼ ነበር የምስቀው። ያን ቀን ማንንም ሳላይ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። እኔም አዲስ አበባ ማንም የማያነሳው ስልክ ቁጥር በቃሌ ነበረኝ።

ኮሊን እጁን ከፒያኖው አንስቶ ቀስ ብሎ “የቱ ጋ ነው ያሳቀሽ?” አለኝ።

“ሲቀና።”

“ያስለቀሰሽስ?”

“እዚያው ጋ።”

የግጥሙን ወረቀት አንስቶ እዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ አሰመረበት። አክስቴ ከደረጃው ላይ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ዘፈኑ ነው አልኳት። በማግስቱ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ላከችለት፤ ስለ ጫጫታውም ዳግመኛ አላነሳችም።

ብርዱ ሲያልፍ አልበሙ ወጣ። ያ ዘፈን መጀመሪያው ላይ ነበር።

አሁን አርጅቼም ነገሩ ይገርመኛል። አንድ ሰው ያረረ ዳቦውን እየበላ በራሱ ላይ ሲቀልድ፣ አገሬን ሳያውቅ፣ ስሜን እንኳ በትክክል መጥራት ሳይችል፣ ለማንም ያልነገርኩትን እንዴት አገኘው? ልጄ ለንደን ቤቴ የሆነው መኖሪያ ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት ይመስላታል። እኔ ግን ያን ከሰዓት ደረጃውን ተመልሼ ስወጣ፣ ወደ ቤቴ እየገባሁ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ታውቆኝ ነበር።