በረዶው ወርዶ እስኪቀልጥ

ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ያለው የደብሊኑ ቤት በር ይናገራል። እትዬ ሮማነወርቅ እጀታውን ጠምዘዝ አድርገው አንድ እግራቸውን ወደ ደጅ ሲያወጡ፣ ደወሉ ላይ ካለችው ካሜራ ውስጥ የልጃቸው የእፀገነት ድምፅ ብቅ ይላል። እፀገነት ዳውንታውን አጠገብ ባለ ሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሥራ ላይ ሆና እናቷን በስልኳ ታያለች።

«ማሚ፣ የት ነሽ?»

«በሩ ላይ ነኛ! እያየሽኝ የት ነሽ ትያለሽ እንዴ?»

«መሬቱ ያንሸራትታል፣ ግቢ በናትሽ።»

«ምኑ ነው የሚያንሸራትተው? ደረቅ እኮ ነው። ፀሐዩ ጎረቤትሽን በቁምጣ አስወጥቶታል፤ ይኸው ከነውሻው እያየሁት።»

«ገና ጃንዩዋሪ ነው። ዌዘሩ አይታመንም። ግቢና ኮል አደርግልሻለሁ።»

ይገባሉ። በሩም ከኋላቸው «ጢት» ብሎ ይዘጋል። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሳሎኑ ሠርግ ይደግሳል። ሰፊ ቤት ውስጥ የታሰረ ሰው ግን ግድግዳው ጋ ለመድረስ ጥቂት አብዝቶ ይራመዳል እንጂ ያው እስረኛ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ መንገድ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሌላ ሣር። አውቶቡስ አያልፍ፣ እግረኛ አይታይ። መኪና ለማይነዳ ሰው ደብሊን ውኃ የከበበው ደሴት ነው።

እትዬ ሮማነወርቅን ያሰረቻቸው ታዲያ እፀገነት ብቻ አይደለችም። እሳቸውም አሜን ብለውበታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእሳቸው ቤት መሀል ኮሎምበስ፣ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር ነው፤ ትንሽ የኪራይ ቤት፣ ከፊት በረንዳ፣ ከኋላ መሐረብ የምታህል ጓሮ ያላት። ባለቤታቸው አቶ ወርቁ በመጨረሻው በጋ፣ ሕመሙ ሳይጥላቸው በፊት፣ እዚያች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ኮክ በሉና ፍሬዋን በከዘራቸው ጫፍ ጓሮው ውስጥ ሸጎጧት። «ውኃ አጠጫት፤ እኔ ባልኖር እሷ ታጫውትሻለች» አሉ እየሳቁ። ፍሬዋ በቀለች። አቶ ወርቁ ሄዱ፣ ኮኳ ቀረች። እትዬ ሮማነወርቅ ኮትኩተው፣ ገርዘው፣ ከጥንቸል ጥርስ አጥረው አሳደጓት። ቁመቷ ከሰው በለጠ፤ አበባ ግን አላየችም።

ያለፈው ዓመት ብርድ ክፉ ነበር። በረዶ ተቆልሎባት ቅርንጫፏ ሲንበረከክ እትዬ ሮማነወርቅ መጥረጊያ ይዘው ሊያራግፉላት ወጡ። አንዴ፣ ሁለቴ መቱ። ከዚያ ሰማዩ ከታች መሬቱ ከላይ ሆነ። አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ሔርሞን ከዩኒቨርሲቲ እስክትመለስ ድረስ ዳሌያቸው ተሰንጥቆ በረዶው ላይ ተኝተው ቆዩ። እፀገነት ደርሳ ስታያቸው ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። የሰው ሕመም ስታስታምም የምትውለው ልጅ ያን ቀን እንደ ሕፃን ጮኸች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍርሃቷ እንደ ጥላ አይለያትም፤ በቀን ብርሃንም በአምፖልም ይከተላታል።

በጋውን ደብሊን አገገሙ። ቅጠል ሲረግፍ ግን «ቤቴ እገባለሁ» አሉ። «አትገቢም» አለች። አኮረፉ። ማዕድ ሲቀርብ ክፍላቸው ይገባሉ፤ ሲነሣ ይወጣሉ። ኩርፊያው ሲበረታ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ጀማነህ ተጠሩ። ጋሽ ጀማነህ ሁለቱንም አዳመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ፈረዱ።

«እትዬ ሮማነ፣ በረዶው ወርዶ እስኪቀልጥ ልጅዎ ጋ ይክረሙ። እፀገነት፣ አንቺ ደግሞ በረዶው ከቀለጠ ወዲያ አንዲት ቀን እንኳ እንዳታስቀሪያቸው። በሉ አሜን በሉ፣ እንጸልይ።»

አሜን ተባለ። በአገር ቤት ሽማግሌ «ዝናቡ እስኪያባራ» ወይም «አዝመራው እስኪገባ» ብሎ ቀጠሮ ሲቆርጥ ወቅቱ አያሳፍረውም። ጋሽ ጀማነህም በኮሎምበስ ኑሯቸው ስንት ዓመት ሙሉ ከመኪናቸው ላይ በረዶ ሲጠርጉ ያነጉ ሰው ናቸው። በረዶ ይቀራል ብሎ ማን ያስባል? እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ ረስቶህ አያውቅም።

ዘንድሮ ረሳ።

የገና በዓል በዝናብ አለፈ። ጃንዩዋሪ በጭጋግ። ዜና አቅራቢው ሁሉ ፈገግ እያለ «እንዲህ ያለ ዊንተር አይተንም አናውቅ» ይላል። ፌብሩዋሪ ሲገባ እትዬ ሮማነወርቅ በመከር ጓሯቸው ያስቀበሩት ነጭ ሽንኩርት አረንጓዴ ጆሮውን አውጥቷል ብላ ሔርሞን ነገረቻቸው። ደስ አላላቸውም። አፈሩ ሳይተኛ ነው የነቃው። ሳይተኙ መንቃት ምን እንደሆነ ያውቁታልና።

«እፀገነት፣ ልጄ፣ ዊንተሩ እኮ አለፈ።»

«መች መጣና ነው ያለፈው?»

«እኮ! ያልመጣ እንግዳ እስኪሄድ ነው የምጠብቀው?»

«እኔ ምን ላድርግሽ፣ ጋሽ ጀማነህ ናቸው የፈረዱት» ትላለች፣ ሳቋን ወደ ትከሻዋ ዘወር አድርጋ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጋሽ ጀማነህ ማይኩን ይዘው ለምሕረቱ አየር ምስጋና አቀረቡ። ሌሊት በር የሚጠብቁት፣ ጠዋት አረጋውያን የሚያጥቡት፣ ታክሲ የሚነዱት ሁሉ «አሜን!» ብለው ጣራውን አነሡት። እትዬ ሮማነወርቅ አፋቸው አልተከፈተም። ሲወጡ ጭነት መኪና የሚነዳው ያደታ በሩ ላይ አገኛቸው።

«እትዬ ሮማነ፣ ዘንድሮ እግዜር ከሂተር ክፍያም ከአደጋም ገላገለን አይደል!»

«አንተን የገላገለህ እኔን አሰረኝ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ጋሽ ጀማነህን ጠይቃቸዋ። በበረዶ ነው የቆለፉብኝ፣ ቁልፉ ሰማይ ቤት ቀረ።»

ያደታ ሳቀ። ጋሽ ጀማነህ ግን አልሳቁም፤ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ቃል ነው እንግዲህ፣ እትዬ ሮማነ። አሜን ያልንበትን ካጠፍን ነገ ማን ሽማግሌ ይሰማል?»

ይህንንም አልካዱም። እሳቸውም ቃል በልተው አያውቁም። ስለዚህ ማንም በማይሰማቸው ሰዓት፣ ሳህን እያጠቡ፣ አፈር ሲኮተኩቱ እንደለመዱት፣ በዜማ ለመኑ።

በረዶ ና ውረድ፣ ደጁን አልብሰው፣
አንተ ካልመጣህ መች ይለቀቃል ሰው።

አፍረውበታል። ያደታ መንገድ ላይ ነው፤ ልጃቸውም በየቀኑ ሀይዌይ ላይ ናት። የሰው ሁሉ ምስጋና ወደ ላይ ሲወጣ የእሳቸው ልመና ብቻ በተቃራኒ መስመር እንደሚነዳ መኪና ይጋፋዋል። ቢሆንም አላቆሙም። ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ገለጥ ያደርጋሉ፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። ሂተሩ ይነፍሳል፣ መስኮቱ አይከፈትም፣ በሩ ይናገራል። አንዳንዴ የሚዘፍኑት ግጥም እንኳ ጣራው ጋ ደርሶ የሚመለስ ይመስላቸዋል።

ማርች ሊያልቅ ሲል ሔርሞን ደወለች፤ በቪዲዮ። ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል።

«እማማ! ኦ ማይ ጋድ፣ ሉክ!»

ስልኩ ዞረ። ጓሯቸው ታየ፣ አጥሩ ታየ፣ ከዚያ ኮኳ። ራቁቷን የተለዩአት ኮክ ሐምራዊ ለብሳለች። ቅጠል ሳይኖራት በፊት፣ ከግንዷ አንሥቶ እስከ ጫፏ፣ አበባ ብቻ።

እትዬ ሮማነወርቅ ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ስልኩ ተዘጋ።

«እማማ? ሃንግ አፕ አደረግሽብኝ እንዴ?» አለች ሔርሞን መልሳ ደውላ። «አር ዩ ክራይንግ?»

«ጉንፋን ነው። ቅረቢያትና በደንብ አሳዪኝ። አትንኪያት ግን፣ አራስ ናት።»

ያን ዕለት ሳህን ሲያጥቡ ልመናው አፋቸው ላይ መጣ፤ አላዜሙትም። በረዶ ና ማለት እንግዲህ ምን ማለት ነው? የሚፈታቸው በረዶ የኮኳን አበባ ይገድላል። ካልመጣ ደግሞ እሷ ፍሬ ታፈራለች፣ እሳቸው በመስኮት ዓመት ይደግማሉ። ውኃው እጃቸው ላይ ሲወርድ፣ ሲወርድ ቆየ። መጨረሻ ላይ ዘጉት፣ ዜማውንም ገለበጡት።

ና ያልኩህ በረዶ፣ ቅር እመንገድ ላይ፣
አራሷ አበባዬ ብርድ እንዳታይ።

ከልባቸው ነው ያሉት። አቶ ወርቁ የተከሏት ታፍራ፤ እኔ ልቀመጥ። ይህን ብለው ክፍላቸው ገብተው በሩን በገዛ እጃቸው ዘጉ። እስከዚያ ቀን ሌላ ሰው ነበር የሚዘጋባቸው።

ኤፕሪል በገባ በሳምንቱ እፀገነት ከሥራ ስትመለስ ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ፊቷ ላይ ደስታም ቅሬታም አለ።

«በይ ደስ ይበልሽ፤ ዛሬ ሌሊት ስኖው አለ ተብሏል። ተገላገልሽኝ።»

እትዬ ሮማነወርቅ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «ውሰጂኝ።»

«የት?»

«ቤቴ። ሳይጨልም። ኮኳን ላልብሳት።»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ዊንተሩን ሙሉ ና ውረድ ስትይው የከረምሽው? የማልሰማሽ መሰለሽ?»

«ከሰማሽ የኋለኛውንም ሰምተሻል።»

እፀገነት ቁልፏን ከጠረጴዛው አነሣች። ሰምታ ነበር ማለት ነው።

ዋይንላንድ ፓርክ ሲደርሱ ነፋሱ ተለውጧል። ሔርሞን አንሶላዎቿን ይዛ በጓሮ ቆማለች። እትዬ ሮማነወርቅ ለቲማቲም ማቆሚያ የሚሆኑትን እንጨቶች በኮኳ ዙሪያ አስተከሉ፣ አንሶላው አበባውን እንዳይጫነው። መሰላሉን ሊይዙ ሲሉ እፀገነት ቀደመቻቸው።

«አንቺ ከታች ሆነሽ እዘዢ። መሰላል ያልሽ እንደሆነ እዚሁ አለቅሳለሁ።»

«እሺ፣ ውጪ። ቀስ! ጫፏን አትጨፍልቂ። እንደ አራስ ነው የሚከናነበው፤ ነፋስ መግቢያ እንዳይኖር ወደ ታች ሳቢው።»

አንሶላው አልበቃም። በአንድ ጎን አበቦቹ ብርዱ ላይ ቀሩ። እትዬ ሮማነወርቅ ክረምቱን ሙሉ ከትከሻቸው ያልወረደውን ጋቢ ገፈፉና ወደ ላይ አቀበሉ።

«ማሚ፣ ይበርድሻል!»

«አልብሻት አልኩ።»

እፀገነት ጋቢውን ዘረጋችው፣ ግንዱ ሥር አስገብታ ቋጠረችው። ከዚያ ኮቷን አውልቃ እናቷ ላይ ጣለች፣ አንገታቸው ድረስ ቆለፈችው፣ ኮፍያውንም አጠለቀችላቸው። ሔርሞን ዛፏንና አያቷን አፈራርቃ አይታ ሳቀች። «ዩ ጋይዝ ማች፤ ተመሳሰላችሁ።»

ወደ ደብሊን ተመለሱ።

ጠዋት መጋረጃውን ሲገልጡ ሣሩ የለም። ነጭ ነው። መንገዱ፣ የጎረቤቱ ጣራ፣ የበሩ ደጃፍ፣ ሁሉ። የለመኑት መጣ፤ «ቅር» ያሉትም አልቀረ። ቆመው አዩት። እግራቸው ደስ ሊለው ፈለገ፣ ልባቸው ከለከለው። ከቀትር በኋላ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እፀገነት ከሥራ ስትደርስ መንገዱ ጥቁር ሆኗል።

ወደ ዋይንላንድ ፓርክ ተነሡ። ሀይዌዩ ላይ እፀገነት መንገዱን እያየች «አንድ ቀን ስኖው እኮ ዊንተር አይባልም» አለች። «ኤፕሪል ሙሉ ሊመላለስ ይችላል።»

እትዬ ሮማነወርቅ የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጃቸው ያዙ። ይኸው፣ አሉ በልባቸው፤ ቁልፉ መጣ፣ በሩ ደግሞ ሌላ ሆነ።

ጓሮው ረጥቧል። ጋቢው ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። እፀገነት ቋጠሮውን ፈትታ በአንድ ጎን ገለጥ አደረገች። ከአንሶላው በላይ የቀሩት የጫፍ አበቦች ጠቁረዋል፤ እንደተቃጠለ ወረቀት ተኮማትረዋል። ከጋቢው ሥር ያሉት ግን ሐምራዊ ናቸው፤ ትናንት እንደነበሩት።

«አሉ!» አለች ሔርሞን። «እማማ፣ ዜይ ሜድ ኢት!»

እፀገነት ጋቢውን መልሳ ሸፈነች። «ይቆይ። ሌላ ብርድ ቢመጣስ? እስከ እሑድ ይቆይ፣ ከዚያ እናያለን።»

«ታዲያ ንቧ በየት ትግባ?»

«ምን?»

«ንቧ በየት ትግባ፣ ልጄ? አበባ በብርድ ብቻ አይደለም የሚሞተው። ሸፍነሽ ካቆየሽው ንብ ሳያገኘው ይረግፋል፤ ደህና እንደሆነ፣ ምንም ሳይነካው፣ መካን ሆኖ። ለሌሊቱ ነበር ያለበስናት። ነጋ።»

እፀገነት የጋቢውን ጫፍ እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ ዛፏ ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ሥር፣ እናቷ አምና የወደቁበት ቦታ ላይ ነበር። ዛሬ እዚያ ነጭ ሽንኩርቱ ከሟሟው በረዶ መሀል ቆሟል። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ከንፈርሽ ሰማያዊ ነበር ማሚ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። አንቺ አላየሽውም።»

እትዬ ሮማነወርቅ ከዘራቸውን ተክለው ጠበቁ።

እፀገነት ዓይኗን ወደ ዛፏ መለሰች። ከዚያ ጋቢውን ሳበችው፤ ቀስ ብላ፣ አበባ እንዳይዝበት በጣቷ እያላቀቀች። ከሔርሞን ጋር ጠመዘዙት፣ ውኃው ወረደ። እትዬ ሮማነወርቅ ወደ መኪናው ጀርባ ይዛው ትሄዳለች ብለው ጠብቀው ነበር። እፀገነት ግን ደረጃውን ወጣችና በበረንዳው መደገፊያ ላይ ዘረጋችው።

«እዚሁ ይድረቅ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ሔርሞን አያቷን በክርኗ ጎሸም አደረገች።

«ካሜራ ግን አስገባለሁ» አለች እፀገነት ከበረንዳው። «በፊትም በጓሮም። ኮል ሳደርግ ታነሺያለሽ። ስኖው ከመጣ ከቤት አትወጪም፣ ዛፍ ብትወድቅም።»

«አስገቢ። ንቧ ስትመጣ አብረን እናያለን።»

ንቧ ያን ቀን አልመጣችም፤ ብርድ ነበር። እትዬ ሮማነወርቅ የልጃቸውን ኮት እንደለበሱ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው በሩ ክፍት ነው፤ ምንም አይናገርም።