የባለ ጓንቱ አውራ ጣት

በሰፈሩ ስሙን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ትንሹም ትልቁም «ባለ ጓንቱ» ነበር የሚለው። ሥራው ሳንቲም መገመት ነው። ዳቦ የሚገዛበትን ሳንቲም አይደለም፤ ሰዎች ለልጅ ልጅ ብለው የሚያስቀምጡትን፣ በከፈይ በተለበጠ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ በክብ ፕላስቲክ ታሽጎ የሚኖረውን፣ ፊቱ እንደ መስታወት የጠራውን ስብስብ ነው። ይህን ተሸክመው ወደ ጠባቧ ቢሮው የሚመጡ ሁሉ የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ዛሬ ብሸጠው ምን ያወጣልኛል? ባቆየውስ? እሱም መብራቱ ሥር እያገላበጠ ያይና ይፈርዳል። የአንዳንዱ ሳጥኑ ከሳንቲሙ ይበልጥ ያምራል፤ «በማስታወቂያ ተሸውደዋል፤ በሚዛን ይሽጡትና ይገላገሉ» ይለዋል። ለአንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህን ለማንም አያሳዩ፤ ዐሥር ዓመት ይርሱት» ይላል። ደስ የሚል ሰው አልነበረም፤ ቃሉ ግን መሬት ጠብ አይልም።

«እጅዎን ይሰብስቡ!» ብሎ ሲጮህ አዛውንት ይደነግጣል። ነጭ የጥጥ ጓንቱን ሳያጠልቅ ሳጥን ከፍቶ አያውቅም። ከጎኑ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ «ይሄ ሰውዬ ፊቱን ሲታጠብም አያወልቀው» እያለ ያሾፍበታል። ባለ ጓንቱ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። እንዲህ የጠራ ሳንቲም በባዶ ጣት ሲነካ በዕለቱ ምንም አይታይበትም። በማግሥቱም አይታይም። የጣት ላብ ግን ብሩን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ከወራት በኋላ አንድ ቀን ሳጥኑ ሲከፈት አሻራው ቡናማ ሆኖ፣ እያንዳንዱ መስመር ተስሎ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ውሃም ሳሙናም አያስለቅቀውም፤ መጥረግማ ጭራሽ ማባስ ነው። ዋጋውም በዚያው አፈር ድሜ ይበላል።

እንግዲህ ዓይኑ የከዳው ይህን ሰው ነው። ነገሩ የጀመረው ከቁጥሮች ነበር፤ ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ዓመተ ምሕረት መሃል መሃሉ ይጠፋበት ጀመር። አምፖል ቀየረ፤ አጉሊ መነጽር ቀየረ፤ አምፖል የሸጠለትን ሰው ሄዶ ተጣላ። የዓይን ሐኪሙ ግን እቅጩን ነገረው። የዓይኑ መሃል እየሞተ ነው፤ ዳር ዳሩ ይቀራል፤ መድኃኒት የለውም። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቱ የቆመን ሰው ዳር ዳሩን እንጂ ፊቱን አያይም፤ ፊቱ መኖር ባለበት ቦታ ላይ ጉም ተቀምጧል። ያም ቢሆን መንገድ ላይ ማንም አይጠረጥረውም። በዓይኑ ጠርዝ እያየ ጉድጓዱንም ድንጋዩንም ያልፋል። ለገዛ ልጁ እንኳ አልነገራትም። ዓይን የሌለው ገማች ምን ሊሠራ ነው? ልጁ እዚያው ቢሮ ስልክ ትመልስለታለች፣ ደብዳቤ ትጽፍለታለች፤ «እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ሲላት ስንፍና እየመሰላት ትስቅበት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ስብስብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ፣ ባለቤቱ መልስ እየጠበቀ፣ ባለ ጓንቱ ከጉሙ በቀር ምንም ሳይታየው ላብ አጠመቀው። አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ለጣት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ጠርዙ የተጎዳም ጣትን ቆንጠጥ ያደርጋል። በጓንት ግን ይህ ሁሉ አይሰማም። ብርሃን የፈለገ መስሎ ወደ መስኮቱ ዞረና ጀርባውን ለሰውዬው ሰጠ። ሳንቲሙን ከፕላስቲኩ አውጥቶ የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ አሳለፈበት፤ ሁሉም ነገር ተገለጠለት። «እንደ ላባ ነው የነካሁት፣ እጄም ደረቅ ነው» አለ በልቡ። ሌላውን ምሮ የማያውቅ ሰውዬ ራሱን ማረ። በሌላ ቀንም ደገመው፤ ከዚያ በኋላማ ለምዶት አረፈው።

ታላቅ እህቱ ሳጥኗን ይዛ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። እህት ይበሏት እንጂ እናት ነበረች፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው፣ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያመላለሰችው እሷ ናት። ባሏ የባቡር መካኒክ ነበር። ሲሞት የተወላት ንብረት አምስት የብር ሳንቲሞች ያሉበት አንድ ስብስብ ነው። በሕይወት ሳለ አልፎ አልፎ ከፍቶ፣ ትንፋሹ እንዳያርፍበት አፉን በመሐረብ ይዞ፣ ከሩቅ ያሳያት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ በጥቂት ቁጥር ብቻ ነው የተሠራው» አላት ወንድሟ፣ አምስቱንም ወደ መስኮቱ ዞሮ ዳብሶ ሲያበቃ። «ንጹሕ ነው። አሁን ግን እንዳትሸጪው። አንድ ዓመት ጠብቂ። እስከዚያ ደግሞ እንዳትከፍቺው፣ አደራ!»

እሷም እሺ ብላ ሄደች፤ የሳጥኑን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ግምቱ ልክ ነበር። ዓመቱ ሲዞር የዚያ ዓይነት ስብስብ ፈላጊው በዛ፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ። በዚያው ሰሞን እሷ ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ባለቤት ቤቱን ሊሸጥ ተነሣ። ልጆቿን የወለደችበት፣ የባሏን አስከሬን የሸኘችበት ቤት ነው። «ቅድሚያ ለእርስዎ ነው፤ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ» አላት ባለቤቱ። ሳጥኑ በዋጋው ከተሸጠ ቤቱ የእሷ ይሆናል። ካልሆነ በዚያ ዕድሜዋ ሜዳ ላይ መውደቋ ነው። እሷ ግን ቅንጣት ታህል አልሰጋችም፤ ወንድሟ ንጹሕ ነው ብሏታላ!

አንድ ረፋድ ላይ፣ ቀደም ሲል ስብስቡን አስገምቶ የሄደ አንድ ፋርማሲስት ሳጥኑን በጉያው ይዞ ገባ።

«ከእርስዎ ዘንድ ከወጣ ወዲህ አልተከፈተም፤ ይሄን ጉድ ይዩልኝ» አለ።

ባለ ጓንቱ አጎንብሶ ያየ መሰለ። ከዚያ ልጁን ጠራት። «ነይ እስቲ፣ ወጣት ዓይን ይየው።»

«አሻራ ነው አባዬ» አለች። «ያውም የአውራ ጣት። መሃሉን ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አቋርጦታል።»

ባለ ጓንቱ ክው አለ። ያን መስመር ያውቀዋል። በልጅነቱ የቆርቆሮ ክዳን አውራ ጣቱን ሰንጥቆት፣ እህቱ የቀሚሷን ጫፍ ቀድዳ አስራለት፣ የዳነ ጠባሳ ነው።

«ቤትዎ ልጆች አሉ?» አለ፤ እንዴት ከአፉ እንዳመለጠው እሱም አያውቅም።

«አሉ እንጂ!» አለ ፋርማሲስቱ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ቆይ፣ ዛሬ ቆዳቸውን ነው የምገፈው!» ሳጥኑን ጠርቅሞ ወጣ።

ልጅቷ በሩን እያየች «የሕፃን ጣት እኮ አይመስልም፣ አባዬ» አለች።

«ሥራሽን ሥሪ» አላት።

ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሳጥን ተመለሰ። ከዚያም ሌላ። ባለ ጓንቱ እንቅልፍ አጣ። የሚያስበው የመጡትን አልነበረም፤ ያልመጡትን ነው። በየሰዉ ቁም ሣጥን፣ በየአልጋው ሥር፣ በየባንኩ ካዝና የተቆለፉትን ያስባል። ባለቤቶቻቸው ሀብት አለን ብለው ተኝተዋል፤ በጨለማው ውስጥ ግን የእሱ አውራ ጣት ቀስ እያለ እየጠቆረ ነው። ከሁሉም ይልቅ አምስቱ የእህቱ ሳንቲሞች ከዓይኑ አልጠፋ አሉት። የማያይ ዓይኑ እነሱን ብቻ ጥርት አድርጎ ያሳየው ጀመር።

ሊነግራት ወስኖ ቤቷ ሄደ። በሩ አዲስ ቀለም ይሸታል።

«ራሴ ነኝ የቀባሁት» አለችው እየሳቀች። «የራሴ ሊሆን አይደል? ደሞ የኋላውን መስኮት አሰፋዋለሁ። ዕድሜ ላንተ! ያኔ ችኩል ብዬ ሸጬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«እትዬ... እስቲ ሳጥኑን አንዴ ልየው።»

«ሂድ ወዲያ!» አለችና ቁልፉን ደረቷ ላይ ጨበጠችው። «እንዳትከፍቺ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ? ገዢው ፊት ነው የሚከፈተው።»

ሳይነግራት ተነሣ። ምናልባት የእሷ ላይ አይወጣ ይሆናል፤ ምናልባት ያን ቀን እጁ በእርግጥ ደረቅ ነበር። ሲወጣ መቃኑን ቢይዝ ቀለሙ ጓንቱን አበላሸው። እሷ ከኋላው «አንተ ሰውዬ፣ አታይም እንዴ!» ብላ ሳቀችበት።

ገዢው ትንሽ የሚናገር፣ የራሱን አጉሊ መነጽር ይዞ የሚዞር ሰብሳቢ ነበር። ቀጠሮው በቢሮው ነበር፤ በዕለቱ ባለ ጓንቱ ልጁን ሰበብ ፈልጎ ላካት። አዲስ ጓንት አጠለቀ። እህቱ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ፣ ሳጥኑ ቀጭ ብሎ ሲከፈት፣ ሁሉንም በጆሮው ተከታተለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። የጥሩ ዕቃ ጸጥታ እንዲህ አይረዝምም፤ እሱ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

«እማማ፣ ይሄን ማነው የነካው?» አለ ገዢው።

«ማንም! ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም።»

«አሻራ አለው። አምስቱም ላይ።»

ወንበሯ ሲጢጥ አለ። «ምን ማለት ነው? እኔ እንኳን ልነካው...» ድምፅዋ ቆረጥ አለና ሌላ ሆኖ ወጣ። «ሟቹ ይሆን እንዴ? መሐረብ አፉ ላይ እየያዘ... ታዲያ እኔ ሳላየው ይነካው ነበር ማለት ነው? ለኔ የተወውን ራሱ አበላሽቶት?»

ባለ ጓንቱ አፉን ከፈተ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ይላል፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው።

«የማን እንደሆነ አላውቅም» አለ ገዢው፣ እያጎነበሰ። «የአንድ ሰው ነው። የቀኝ አውራ ጣት፣ መሃሉን የሚያቋርጥ ጠባሳ ያለበት።»

እሷ አጉሊ መነጽሩን እንኳ አልፈለገችም።

«በዚህ ሁኔታ በሚዛን ካልሆነ በቀር አልወስደውም» አለ ሰውዬው፤ «ያም ብዙ አያወጣም። አዝናለሁ።» መነጽሩን አጠፈ፤ እርምጃው ራቀ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

ባለ ጓንቱ ዳር ዳሩን ቃኘ። ግራው ግድግዳ ነው፤ ቀኙ በር ነው፤ ማንም የለም። አብራ ወጥታለች። ደኅና ሁን እንኳ ሳትለው ወጣች፤ ደግም አደረገች። ጓንቶቹን አውልቆ ወረወራቸው፤ በሁለት ባዶ እጁ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ሳጥኑን ፈለገ፤ የውሃ ብርጭቆውን ገፍቶ ጣለው።

«እትዬ» አለ ለባዶው ክፍል። «እትዬ፣ ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...» እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየኝ?»

ድምፁ የመጣው ከፊት ለፊቱ ነበር። ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ጉሙ ውስጥ ተቀምጣ ስታየው ነው የቆየችው።

«ሁለት ዓመት አልፎታል» አላት። «የነካሁትም ያንቺን ብቻ አይደለም።»

የልጅቷ ጠረጴዛ ላይ ስልኩ ጮኸ። ሁለቱም ጮሆ ጮሆ እስኪያበቃ ሰሙት።

«ይሄም ሳጥኑን የከፈተ ነው?» አለች።

«ይሆናል።»

«ዓይንህን ብትደብቀኝ፣ ሰው ነህ፣ ፈርተህ ነው» አለች። «ቤቱም ይቅር። ባሌን ሳማው ግን ዝም ብለህ ሰማኸኝ። የሞተ ሰው! እሱን አልረሳልህም።»

ስትነሣ ሰማት፤ አሁን የምትሄድ መስሎት አንገቱን ደፋ። ጠረጴዛውን ዞራ መጣች፤ የተሰበረውን ብርጭቆ በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«እጅህን ስጠኝ» አለች። «እንዳትረግጠው። እራትህን እኔ ጋ ትበላለህ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት አለኝ።»