ወለሉን እያዩ የሚሄዱ ሰዎች

ባለፈው ሐሙስ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ባለው ቤቴ ልጄ ጣሪያው ላይ አዳዲስ መብራት ገጠመልኝ። ሲያበራው እኔ ወለሉን አየሁ። «እማዬ፣ መብራቱ እኮ ላይ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ስለ መብራት እኔ የማውቀውን እሱ አያውቅም።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሠላሳ አልሞላኝም ነበር። ሀዳር የሚባል ሰፈር ውስጥ መብራት የሚነድፉ ሰዎች ቢሮ ለማጽዳት ለሙከራ ተያዝኩ፤ ወሩ ሲሞላ ወይ እቀጠራለሁ ወይ እሰናበታለሁ። ያን ሰሞን የሚነድፉት በአውሮፕላን ማረፊያ ሥር ለሚሠራ የባቡር ጣቢያ ነበር። ከመሬት በታች ነው፤ ቀኑን ቀን የሚያደርገው መብራት ብቻ ነው። እንዴት እንደሚሆን ለማየት ነሸር በሚባል ቦታ፣ ከሲሚንቶ ፋብሪካው አጠገብ፣ መስኮት በሌለው መጋዘን የጣቢያውን ቁራጭ ሠሩ፤ ወለሉ ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው በረድፍ መብራት።

ክረምት ነበር፤ የሲሚንቶው አቧራ በዝናብ ቦክቶ ጫማ ይይዛል። እናቴ ብቻዋን መዋል ስለማትወድ ዳቦና አዋዜ ቋጥረን አብረን በአውቶቡስ ወደ መጋዘኑ ወረድን። በማግስቱ የማረፊያው ሰዎች መጥተው ያያሉ ስለተባለ ወለሉን መስታወት እስኪመስል ወለወልኩት። ከዚያ እናቴን ጠራኋት። ጫፉ ላይ ቆመች።

«አልረግጥም። ገደል ነው።»

«እምዬ፣ ድንጋይ እኮ ነው። እኔው ነኝ የወለወልኩት።»

«አንቺ ወልውለሽው ነዋ ገደል የሆነ።»

አለቃዬ ሪና ሰምታ መጣች። «ምን ሆነች? ባቡር አይታ ስለማታውቅ ፈርታ ነው?»

አዎ፣ አርጅታ ነው ብል ነገሩ ያልቃል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አንገቴን ደፍቼ በእናቴ ዓይን ሳየው፣ የጣሪያው መብራት ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ተንጸባርቆ ከወለሉ ሥር የገባ ይመስላል፤ ከዚያ እታች ድረስ ጨለማ ነው። ዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚል ቃል የለውም፤ እኔ በልቤ እርስዎ እያልኩ ተናገርኩ።

«አንቺ ጣሪያውን እያየሽ ነው የምትሄጂ። እኛ የማናውቀው ሰው ፊት አንገታችንን ደፍተን ነው።»

«ወለል እያየ የሚሄድ ማነው?»

«አዲስ መጪ፣ ሽማግሌ፣ ሻንጣ የሚጎትት። እስቲ ጎንበስ ብለሽ ሂጂበት።»

ፊቷ ቀላ። አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ገባች፤ አራተኛው እርምጃ ላይ እጇ ምሰሶ ፈለገ።

«ቤሰደር» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፤ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ነው። ወጥታ የነገዎቹን እንግዶች በስልክ አስቀረቻቸው።

በሳምንቱ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት፤ ወለሉንም የማያብለጨልጭ አደረጉት። ሪና እናቴን ራሷ አስጠራቻት። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ከጫፍ ጫፍ ተሻገረች። «አሁን መሬት ሆነ» አለች፤ እኔ ተረጎምኩ። ወሩ ሲሞላ ሪና የቢሮውን ቁልፍ ሰጠችኝ፤ ስምንት ዓመት ያዝኩት።

እናቴ አሁን የለችም። ሥራውንስ ሌላ አገኝ ነበር። በሰው ፊት እናቴን አላዋቂ አድርጌ አልፌ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነበር። የትም ቦታ ሰው እግሩ ሲያመነታ ካየሁ፣ ሰውየውን ከመታዘቤ በፊት ሄጄ እሱ በቆመበት እቆማለሁ።