ገበታ ላይ አውሮፓን ያዋጉ የነበሩት ጋሼ

አጎቴ ጋሼ ካረፉ አርባ ቀን ሆናቸው። አገር ቤት የታሪክ መምህር፣ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ከሁለቱም ጡረታ ሲወጡ፣ የአውሮፓ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ሠላሳ ዓመት የተላለቁበትን ጦርነት ግን ይዘውት ወጡ።

እኔ ብቻ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ግነቱ ይቀነስ ከተባለ ዘጠኝ መቶ። ዘመድ በሃይማኖት በተነታረከ ቁጥር ጨዉን ካቶሊክ፣ ሚጥሚጣውን ፕሮቴስታንት አድርገው ገበታው ላይ ያዋጓቸዋል። "ፕሮቴስታንቶቹ የንጉሡን ሹማምንት በመስኮት ወረወሯቸው፤ በር እያለ እኮ ነው። ነገሥታቱም መሬት ፈልገው ገቡበት። አገር ምድሩ ከተራበ በኋላ ሲታረቁ፣ ሁለቱም ዞረው ያው ጎረቤት ሆኑ። በሉ ብሉ።"

የአርባቸው ዕለት ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰብስበን ሳለ ሁለቱ ልጆቻቸው ተያያዙ። ታላቁ ኦርቶዶክስ፣ ታናሹ ጴንጤ ነው።

"ማዕዱን ቄሱ ይባርኩ" አለ ታላቁ።

"የኔ ፓስተርስ ለማጀብ ነው የመጣው?" ታናሹ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ።

"ዛሬ ከወጣህ ወንድም የለኝም።"

ልቤ ዘሎ ጣሪያ ነካ። ጨዉንና ሚጥሚጣውን አፈፍ አድርጌ ጀመርኩ፤ "ስዊድን ከካቶሊኮች ጎን ተሰልፋ..."

"ከፕሮቴስታንቶች ጎን ነው!" ሁለቱም በአንድ አፍ ጮኹብኝ። ሆን ብዬ ነው ብል ማን ያምነኛል።

"ፈረንሳይስ?" አልኩ።

"እሷማ ካቶሊክ ሆና ለፕሮቴስታንቶቹ አገዘች" አለ ታናሹ፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ።

"ኧረ ከመጀመሪያው ንገረው፤ ይሄ ሰውዬ አባባን ሊያዋርድ ነው" አለ ታላቁ።

ቄሱም ፓስተሩም ተቀምጠው ሰሙ። ወንድማማቾቹ የጋሼን ባዶ ወንበር መሃል አድርገው፣ ቆመው፣ ቃል እየተቀባበሉ ጦርነቱን እስከ እርቁ አደረሱት።